ጀርባ ሰጥቶ መናገር

በእኛ ቤት ጀርባ ሰጥቶ መናገር ነውር ነበር። የሌላ ቤት ልጆች ምግብ ጎርሰው ሲያወሩ ይቆጧቸዋል፤ እኛ ላይ ቁጣ የሚያመጣው ግን አፍን በእጅ ሸፍኖ መሳቅ፣ ከጓዳ ሆኖ መጣራት፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ መልስ መስጠት ነበር። አባባን ከኋላው የፈለገ ሰው ወለሉን በእግሩ መታ ማድረግ አለበት። ወለሉ ያረጀ ጣውላ ስለነበር ንዝረቱ እስከ ወንበሩ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከሆነ እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ እማዬ ናት። አባባ ገና ሳይዞር ማን እንደፈለገው ያውቃል። እኔ ይህን ሁሉ የጨዋ ቤት ሥርዓት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጎረቤት ሄጄ ልጆቹ ከውጭ ሆነው «እማ!» እያሉ ሲጮሁ ስሰማ፣ ምን ዓይነት ስድ ቤት ነው እላለሁ በሆዴ።

አባባ በጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ውስጥ ስድስት ማሽን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበር። አንዳንድ ቀን ምሳውን ይዤ ስሄድ ዘበኛው እስከ ክፍሉ በር ድረስ ያሳልፈኛል። የዚያ ክፍል ድምፅ በጆሮ አይገባም፤ በጥርስና በደረት ነው የሚገባው። ድሩን የሚያመላልሰው መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወነጨፍና ሲጋጭ፣ ያንን ደግሞ በሁለት መቶ ማሽን ማባዛት ነው። የጥጥ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የሠራተኞቹ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ወጣቶቹ ሳይቀሩ ሽበታም ይመስላሉ።

እዚያ ውስጥ በድምፁ የሚያወራ ሰው የለም። ሁሉም በከንፈርና በጣት ነው። አንዱ ካንዱ አርባ እርምጃ ርቆ ቆሞ ሐሜቱን አንድ ቃል ሳያስቀር ያደርሰዋል። አለቃቸው ከሌላ ክፍል ተሹሞ የመጣ ስለሆነ የከንፈር ንግግር አይችልም፤ እሱ በመካከላቸው ሲያልፍ በግራና በቀኝ ሆነው ስለ አካሄዱ፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ሚስቱ ቁጣ ይጫወታሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮው ሙሉ ለሙሉ ደህና የሆነው እሱ ነበር፤ ስም ያወጡለት ግን «ደንቆሮው» ብለው ነው።

የአባባ የማሽን ጎረቤት ጋሽ ቀጮ ነበር። ቀጭን ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። ሽመና ክፍል ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጆሮውን በሰም በነከረው ጥጥ ይደፍናል። ሌሎቹ «የሚስቱን ጭቅጭቅ ላለመስማት ቤትም አያወልቀውም» እያሉ ያሾፉበታል። እኔን «ቁንጫ» ነው የሚለኝ። ከእሱና ከአባባ ነው የከንፈር ንግግር የተማርኩት። በአሥር ዓመቴ መንገድ ማዶ ቆመው የሚያወሩ ሴቶችን አነብ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ የመምህራን ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ቆሜ ማን እንደሚገረፍ አስቀድሜ ለጓደኞቼ እነግራለሁ።

እና አባባ በዓይኑ የሚሰማ ሰው መሆኑ ለእኔ ሙያ ነበር። የአንዱ ልጅ አባት ሰዓት ይጠግናል፣ የሌላው አባት በሁለት ጣቱ ያፏጫል፣ የእኔ አባት በዓይኑ ይሰማል። «ፋብሪካ ውስጥ ስለለመድኩት ነው፣ ቤትም ስመጣ መተው አቃተኝ» ይለኝ ነበር፤ አምኜዋለሁ። አሁን እናት ሆኜ ሳስበው ያላወቅኩት እንዴት ነው እላለሁ። ምናልባት አውቅ ነበር፤ የማውቀውን ነገር ስሙን ነበር የማላውቀው።

በዓመት አንድ ጊዜ የጤና ምርመራ አላቸው። የዚያን ዓመት እማዬ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ደርሳ ስለተኛች ምሳውን እኔ ይዤ ሄድኩና ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከሙቀቱ የተነሳ የምርመራ ክፍሉ በር ተከፍቷል። አባባ ወደ በሩ ዞሮ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ከጀርባው ቆማ ከያዘችው ካርድ ላይ እያየች ሹክ ትላለች፤ እሱ የሰማውን መድገም አለበት።

ቀጣዩ ተረኛ ጋሽ ቀጮ ነበር፤ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ በኪሱ ከቷል። ነርሷ ሹክ ስትል የእሱ ከንፈር ትንሽ ትነቃነቃለች። «ሃያ ሦስት።» አባባ «ሃያ ሦስት» ይላል። «መስኮት።» «መስኮት።» «ሰኞ።» «ሰኞ።» ነርሷ ዓይኗን ከካርዱ ላይ አላነሳችም። አንዳንዴ እሷም ታውቅ ነበር እላለሁ፤ አንዲት ሴት ያን ያህል ሰዓት ሙሉ ከካርድ ላይ ቀና ሳትል መቆየት ትችላለች?

አባባ ሲጨርስ ጋሽ ቀጮ አልገባም። «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ መርፌ እፈራለሁ» ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው አሳለፈ። ለዚያም ሰውዬ ከንፈሩ ተነቃነቀች። ከዚያ ለሌላው። እየተቀደመ እስከ መጨረሻው ቆየ። የእኛን ቤት ጨዋታ እዚህም እንደሚጫወቱት ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱም ጠቀሰኝ። አባባ ወጥቶ እጄን ሲይዘኝ መዳፉ በላብ ርሷል፣ አያያዙም ያማል። ለምሳው እንደተራበ ነው የመሰለኝ።

ማንም «ያየሽውን እንዳትናገሪ» አላለኝም። ቢሉኝ ኖሮ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ያልከለከሉኝ አልገባትም ብለው ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ አልገባኝም ነበር። ልጅ ግን ያልገባውንም ነገር ያስቀምጣል።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ደረጃን ጨረስኩ። የፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ የአባል ልጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር፤ ትልቁ ከተማ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እስከ ኮሌጅ። የሚወዳደሩት የመጀመሪያ ደረጃን በዚያ ዓመት የጨረሱ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ያ ዓመት ካለፈ አለፈ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ አዳራሽ ተቀምጠን «ከወላጄ ሥራ የተማርኩት» በሚል ርዕስ ጽሑፍ እንጽፋለን። ያሸነፈው ልጅ በጠቅላላ ጉባኤው ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ጽሑፉን ያነባል። ሥራ አስኪያጁና የአስተዳደር ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ጽሑፉ በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ወር ሙሉ ተለጥፎ ይሰነብታል።

ይህን ሁሉ የምትመራው የማኅበሩ ጸሐፊ ነበረች። እሷም ሠራተኛ ናት፣ ክር ማጠንጠኛ ክፍል። የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ስለምትዞር «እትዬ ማኅተም» ይሏታል። ፊቷም እንደዚያው ነበር፤ አንድ ጊዜ ካረፈብሽ አይለቅሽም።

አባባ ለዚያ ቅዳሜ አዲስ እርሳስ ገዝቶ በምላጭ ቀረጸልኝ፣ ከዚያ ሹሉ እንዳይሰበር ብሎ የእርሳሱን ጫፍ በወረቀት ጠቀለለው። እማዬ ወንድሜን ታቅፋ «ባታልፍስ? ብትታመምስ እዚያ ማን አላት?» ትላለች። እሷም እንደ እኔ ነበረች፤ ገና ያልመጣውን ክፉ ነገር አስቀድማ ወንበር ታቀርብለታለች። አባባ ከንፈሯን አይቶ ሳቀና «መጀመሪያ ትለፍ፣ ከዚያ ትታመማለች» አላት።

አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሲታደል ቀና ብል አባባ በመስኮቱ መስታወት በኩል ከውጭ ቆሟል። ከንፈሩ «ቀስ ብለሽ» አለችኝ። እኔም በከንፈሬ «እሺ» አልኩት። ከዚያ ጻፍኩ። አንዴም አላቆምኩም። ወለል ስለ መምታት ጻፍኩ፣ ሬዲዮ ሲከፈት አባባ ስለማይቀይረው ጣቢያ ጻፍኩ፣ በመስኮቱ በኩል «ቀስ ብለሽ» ስላለኝም ጻፍኩ። በጣም ያማረልኝ ግን የክሊኒኩ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ነርሷ ከጀርባው የተናገረችውን ጋሽ ቀጮ ከበሩ ላይ ሆኖ በከንፈሩ ያቀብለዋል፤ አባቴ አንድም ሳይሳሳት ይመልሳል። ከኋላቸው ያሉት ሰዎችም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ችሎታ ያላቸው ሠራተኞች ሌላ ቦታ ያሉ አይመስለኝም።»

ወረቀቴን ለእትዬ ማኅተም ራሴ በእጇ ሰጠኋት። ፖስታ ውስጥ ከታ ቁጥር ጻፈችበት። አሥራ ሰባት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ቁልፍ ልቀበል ወደ ፋብሪካው በር ሄድኩ። ዘበኛው አባትሽ ማኅበሩ ቢሮ ነው አለኝ። ቢሮው ከበሩ አጠገብ ያለች፣ ፊቷ በመስታወት የተሠራ ክፍል ናት። አባባ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጋሽ ቀጮ ጥግ ላይ ቆሞ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። እትዬ ማኅተም ፊቷ ወደ እኔ ነው፤ ከንፈሯ ወለል ብላ ትታያለች። ድምፅ አልነበረም፤ እኔ ግን ምን ጊዜ ድምፅ ፈልጌ አውቃለሁ።

«የአንተ ልጅ አትሄድም» አለች። «ሌላ ልጅ ትሄዳለች።»

አባባ ምን እንዳለ አላየሁም፤ የማየው ትከሻውን ነው። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እሷ እንደገና «አላሳልፍም፣ ጨርሰናል» አለች። በመጨረሻ አባባ እስክሪብቶ አነሳና ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ አጭር ነገር ጻፈ፣ ፈረመ። እሷ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው።

ቁልፉን ሳልቀበል ቤት ድረስ ሮጥኩ። ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ቦታዬን ለሌላ ሰጥታዋለች፤ አባባ ደግሞ ተቆጥቶ ተቆጥቶ በመጨረሻ ፈርሟል።

በሳምንቱ የስም ዝርዝር ወጣ። ያሸነፈችው የመጋዘን ጠባቂው ልጅ ናት። ከሥር የተወዳደሩት ሁሉ በየተራ ተጽፈዋል። እኔ የለሁም፤ መጨረሻ ላይ እንኳ የለሁም። ከአባባ ጋር ነበር ያየነው። ሰው ተሰብስቧል፣ እትዬ ማኅተም እዚያው ቆማለች። ቀረብ ብዬ የእኔ የት ሄደ አልኳት።

«የአንቺ ወረቀት አልደረሰንም።»

«በእጄ ነው የሰጠሁዎት። አሥራ ሰባት ብለው ጽፈውበታል።»

«አልደረሰንም አልኩሽ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

አባባን ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ከእሷ ከንፈር ወደ እኔ ከንፈር ተመላለሰ። እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያደርግ ሲል ዞር አልኩበት።

በጉባኤው ቀን የመጋዘን ጠባቂው ልጅ ነጭ ካልሲ አድርጋ «ሥራ የዕድገት መሠረት ነው» ብላ ጀመረች፣ እንደዚያው ብላ ጨረሰች። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ሆኜ እንድትደናቀፍ ስመኝ ነበር። ዛሬ መድኃኒት ቤት አላት፤ የደም ግፊት ኪኒኔን የምገዛው ከእሷ ነው። ጥሩ ሰው ናት፣ ሁልጊዜ ልጄን ትጠይቀኛለች፣ አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ በትልልቁ ትጽፍልኛለች። እጇን ባየሁ ቁጥር ግን ያ ነጭ ካልሲ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ አባባን ቀጣሁት። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አባቷን የምትቀጣበት ብዙ መንገድ የላትም። እኔ ያገኘሁት ይህን ነበር፤ ጨዋታውን ተውኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ ማውራት ጀመርኩ። ገበታ ላይ አንገቴን ደፍቼ እመልሳለሁ፤ ደብተር እያነበብኩ አፌን በደብተሩ እሸፍናለሁ። «ምን አልሽ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ፣ ያውም ኩባያዬ ውስጥ። እማዬ ጎኔን ትቆነጥጠኛለች፣ አልሰማትም። አባባ አልተቆጣም። አልጋ ሥር የገባ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ጎንበስ እያለ አፌን ይፈልግ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ከረምን።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናብ ይጥላል፣ አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር በሚስማር ይመታል። ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ። እንዲሰማኝ ፈልጌ ነበርና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፈሪ ነህ» አልኩት። «ፈርመህ ሸጥከኝ።»

መዶሻው አላቆመም። ሚስማሩን መትቶ ጨረሰ፣ ወንበሩን ወዘወዘው፣ ሌላ ሚስማር ከአፉ አወጣ።

እማዬ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ደክሞት እንደሚናገር ሰው ቀስ ብላ «አይሰማሽም» አለችኝ። «ድምፅሽን ከሰማ ስድስት ዓመቱ ነው። የወንድምሽንማ ድምፅ ጭራሹን አያውቀውም።»

ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት። ልጅ ነሽ፣ ልጅ ያወራል፣ ፋብሪካው ጆሮው የጠፋን ሰው ለሥራ ብቁ አይደለም ብሎ ያለ ጡረታ ነው የሚያሰናብተው አለችኝና ልብሱን ጓዳ ውስጥ ልታሰጣ ሄደች። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት ቆሜ ማውራት ጀመርኩ። ከንፈሬን በደንብ እከፍትለታለሁ፣ ወለሉንም እመታለታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም። ደንቆሮ ቢሆንም ፈርሟል እል ነበር፤ ለመፈረም ጆሮ አያስፈልግም። ነገሩን ከክሊኒኩና ከጻፍኩት ጋር ማገናኘት እችል ነበር። ሳድግማ ይበልጥ እችል ነበር። ግን ቂም ይዞ ለኖረ ሰው ቂሙን የሚያፈርስ ሐሳብ በአጠገቡ ቢያልፍም አያስጠጋውም።

አባባ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቶ በጡረታ ወጣ። ከፋብሪካ ውጭ ከንፈሩን ከፍቶለት የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ እየሄደ፣ እያኘከ፣ ዞር እያለ ነው የሚያወራው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይውል ነበር። ጋሽ ቀጮ ከእሱ የባሰ ሆነ፤ ሰሙም አላዳነውም፣ የእሱ ጆሮ ሲጠፋ የሚያቀብለው ሰው አልተገኘምና ጡረታው ሳይደርስ ተሰናበተ። እኔ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስተምረኝ አልነበረም። እዚያው ፋብሪካ በጨርቅ መርማሪነት ገባሁ። አባባ ልጄ መራመድ በጀመረች ዓመት ሞተ። የመጨረሻ ቀኖቹ ላይ ዓይኑም ደክሞ ስለነበር ምን እንዳልኩት ያየ አይመስለኝም።

ባለፈው ወር እትዬ ማኅተም አስጠራችኝ። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ልሄድ አልፈለግኩም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ እንኳን ማኅተም ኩባያ መያዝ አቅቷታል። ልጄ ዘንድሮ እንደምትወዳደር ሰምታለች። ትራሷ ሥር እጇን ሰድዳ ፖስታ አወጣች። አሥራ ሰባት ይላል።

«በእጅሽ ነበር የሰጠሽኝ» አለች። «ደርሶኛል።»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። የልጆቹን ጽሑፍ ለዳኞች ከመስጠቷ በፊት በታይፕ የምትገለብጠው እሷ ነበረች፣ የእጅ ጽሑፍ ታውቆ አድልዎ እንዳይኖር። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የአስተዳደር ኃላፊው ነው። የእኔን እሑድ ቀን ቤቷ ተቀምጣ አነበበችና እስኪመሽ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሌላ ላስጽፍሽ አልችልም ነበር አለችኝ፤ ፖስታዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተቆጥረው ተመዝግበዋል፣ ማውጣት እንጂ መተካት አይቻልም። ለማውጣት ደግሞ ወላጅ ጽሑፉ ጀርባ ላይ «ይውጣ» ብሎ መፈረም አለበት።

«አባትሽን ጠርቼ አስነበብኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ለቀጮ እያሳየ 'ልጄ እኮ ጸሐፊ ናት' አለ። የክሊኒኩ ጋ ሲደርስ ነው ሳቁ የቆመው።»

«ከዚያ ፈረመ» አልኳት።

«ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። የአባባን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ፊደሎቹ ወደ ኋላ የሚያዘነብሉ ናቸው። አንድ ቃል ነው የተጻፈው። «ይነበብ።» ከሥሩ ፊርማው አለ።

«ሥራዬን እለቃለሁ፣ እሷ ትማር አለ። ጠረጴዛዬን መታው። አባትሽ ብቻ ቢሆን እሺ እለው ነበር። ቀጮ በዚያ በር ያሳለፋቸው ሰባት ሰዎች ናቸው፣ እሱ ስምንተኛ። ስምንት ቤት። ወረቀቱን ነጥቄው፣ መዝገቡ ላይ አሥራ ሰባትን ሰርዤ፣ ለዳኞቹ ልጅቷ አልቀረበችም አልኩ። በሐሰት።»

ለምን አልነገረኝም አልኳት።

«እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ። 'ስምንት ቤት በእኔ እጅ ሊጠፋ ነበር' እያለች ታድጋለች፣ ይልቅ እኔን ትጥላኝ አልኩት። ተስማማ።» ኩባያዋን ልታነሳ ሞክራ ተወችው። «በዓመቱ ጉባኤ ላይ አገኘሁትና ልጅህ እንዴት ናት አልኩት። 'ፊቷን ነስታኝ ነበር፣ አሁን መለሰችልኝ' አለ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። እሱንም ትጠዪዋለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። አመሰግናለሁም አላልኳት፣ ይቅር ብያለሁም አላልኳት። መንገድ ላይ እንዳይረጥብብኝ፣ እንዳይነጠቅብኝ፣ መኪና ቢገጨኝ ማን አንስቶ ያነበዋል እያልኩ ደረቴ ውስጥ ከትቼው ሄድኩ። ቤት ደርሼ ልጄ ሳትመጣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ድምፅ አላወጣሁም። ከንፈሬን በደንብ እየከፈትኩ፣ ቀስ ብዬ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ርዕሱ ዛሬም ያው ነው። ፋብሪካው አዳዲስ ማሽን አስገብቷል፣ ለሠራተኛውም የጆሮ መከላከያ ይታደላል፣ በከንፈር የሚያወራ ሰው አልቋል። ልጄም አትችልም፤ እኔም አላስተማርኳትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ልጻፍ ስትለኝ «ሥራ የዕድገት መሠረት ነው ብለሽ ጀምሪ» አልኳት። «ይሄማ ሁሉም የሚጽፈው ነው» አለችኝ። ሁሉም የሚጽፈው ነገር ደግ ነው፣ ማንንም አይጎዳም አልኳት። ምን እንደፈራሁ አላወቀችም። ወይ አውቃለች። የቀኝ ዓይኔን ጭጋግ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መርፌ የምትሰካልኝ እሷ ናት፣ የአውቶቡሱን ቁጥር የምታነብልኝ እሷ ናት። ምሳዬን ስታመጣ አጠገቤ ያለችው መርማሪ እኔ ያሳለፍኩትን ጨርቅ ደግማ ስታይልኝ ቆማ ታያለች። «እንዳትናገሪ» ብያት አላውቅም። ልጄ ዝም ብላ ነው የምታየው። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ዝም ብዬ ነበር የማየው።

አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው፣ መስኮቱም ያው። ወረቀት ሲታደል መስታወቱ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከደረቴ ውስጥ የአባባ ወረቀት ይቆረቁረኛል። ከንፈሬን ከፍቼ፣ እሱ እንዳስተማረኝ አድርጌ፣ «ያየሽውን ጻፊ» አልኳት።

ቅንድቧን ወደ ላይ አደረገች። ምን አልሽ ማለቷ ነው። ትከሻዋን ነቀነቀችና ሳቀች፣ ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ልደግምላት እችል ነበር። በጣቴ ዓይኔን ላሳያት፣ መስታወቱን ላንኳኳ እችል ነበር። አላደረግኩም። ስላልገባት እፎይ አልኩ። ልጄ ቀና ብላ ያን እፎይታ ፊቴ ላይ እንዳታየው፣ ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ እስክትጨርስ ቆምኩ።